የሦስተኛው ቁጥር፣ የፈረስ ያዡ የአምብሮስ ቲርክል ዜና ሕይወት

አስር አለቃ አምብሮስ ቲርክል ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ሞቱ። ሲሞቱ ፈርተው ነበር። ይህን የምናገረው ላሳፍራቸው ብዬ ሳይሆን፣ ታመው ሳሉ "ስታነብልኝ አትዋሽልኝ" ብለው ስላዘዙኝ ነው። ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ፣ ሜዳሊያዎቻቸው እንደ ሌላው አሮጌ ወታደር በሣጥኑ ላይ በትራስ ተደርገው ለምን እንዳልተቀመጡ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሜዳሊያዎቹ አልጠፉም። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ልጃቸው ዶርካስ በእጇ ይዛቸዋለች። ምክንያቱን ከታሪካቸው ትሰሙታላችሁ።

አምብሮስ በ1893 ከዚህ ከዊዝበርን ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ ዳር፣ ከጋሪ ነጂው ከኦባዲያ ቲርክልና ከእናታቸው ከኬዛያ ተወለዱ። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው በበረዶ ላይ የተገለበጠ ጋሪ ተጭኗቸው ሞቱ፤ እናታቸውም የቤቱን ኪራይ መክፈል ሲያቅታቸው ልጃቸውን ይዘው ወደ ድሆች መጠለያው ገቡ። በዚያ ቤት እናትና ልጅ የሚያድሩት በተለያየ ግቢ ነበር፤ የሚተያዩት እሑድ እሑድ ነው። እኔና እህቴ ሌቲም እዚያው ነበርን። ስለዚያ ቤት ሌላ የምለው የለኝም። አምብሮስ ማንበብና መጻፍ የተማሩት እዚያ ነው፤ ኮቴ ሲሰሙ ከግድግዳ ጋር መጣበቅንም የተማሩት እዚያ ነው።

በአሥራ አራት ዓመታቸው በአንድ ባለ ርስት ቤት የፈረስ አሳዳሪ ሆነው ተቀጠሩ። መኝታቸው ከጋጣው በላይ ባለው የድርቆሽ ቆጥ ላይ ነበር፤ ከሥራቸው የፈረሶቹ ትንፋሽ ስለሚሰማቸው በዕድሜያቸው ያለ ፍርሃት የተኙት እዚያ ብቻ እንደነበረ ኋላ ለእህቴ ነግረዋታል። አሥራ ስምንት ሲሞላቸው ወደ ፈረሰኛው ክፍለ ጦር ገቡ። ንጉሡን ለማገልገል ነው ብለው አያውቁም፤ ፈረስ አለ፣ ሥጋም ይበላል ሲባል ሰምተው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም በዚያው ምክንያት ተከተልኳቸው።

ክፍለ ጦራችን ከፈረስ ወርዶ ሲዋጋ አራት አራት ሆኖ ይከፈላል። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ሦስተኛው ግን የአራቱንም ፈረስ ዛብ ይዞ ከኋላ ይቆማል። ቁጥሩን የሚወስነው ሰውየው በሰልፉ ላይ የቆመበት ቦታ ነው እንጂ ማንም መርጦ የሚወስደው አይደለም። በእኛ አራት ውስጥ አንደኛው ሲላስ ማርሎ፣ ሁለተኛው ጄም ፔል፣ ሦስተኛው አምብሮስ፣ አራተኛው እኔ ነበርን።

ታላቁ ጦርነት በተነሣበት በ1914 መከር ላይ፣ ቤልጅግ አገር ቬርሉ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ከአንድ የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ከፈረስ እንድንወርድ ታዘዝን። ሦስታችን ወደ ፊት ስንሄድ ጄም ፔል ዞር ብሎ "አምብሮስ፣ ባዝራዬን ስኳር እንዳታለምዳት፤ ኋላ በምን አቅሜ ልቀልባት ነው?" አለ። አምብሮስም "አንተ ቶሎ ተመለስ እንጂ እሷስ አታስቸግርም" አሉት። ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

የጠላት መድፍ ከእኛ ይልቅ ፈረሶቹን ፈለገ። ጡቡና አፈሩ አብሮ ሲነሳ፣ ፈረስ ያዦቹ ሁሉ ወደ ጫካው እንዲያፈገፍጉ ታዘዙና አፈገፈጉ፤ ትእዛዝ ነውና የሚነቀፉበት አልነበረም። አምብሮስ ግን ቀሩ። እንደ እሳቸው አነጋገር ይህ ጀግንነት አልነበረም፤ እግራቸው እምቢ ስላላቸው ነው። ዛቡ እንዳያመልጣቸው በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ጠመጠሙት። ሁለቱ ፈረሶች እዚያው ሞቱ፤ ሲንፈራገጡም የአምብሮስን ክንድ ከትከሻው አወለቁት። እኔ ጭኔን ተመትቼ እየተሳብኩ ስመለስ፣ ከግድግዳው ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሁለቱን ሕያዋንና የሁለቱን ሙታን ዛብ እንደያዙ ቆመው አገኘኋቸው።

"ማን ነው?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"አራተኛው ነኝ።"

"እነሱስ?"

ዞሬ ወደ መጣሁበት አየሁ፤ የሚከተለኝ አልነበረም።

"እንግዲያው ትንሽ እንጠብቃቸው" አሉ።

ጠበቅናቸው። መድፉ አላቋረጠም፤ የአምብሮስ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ በደህናው ክንዳቸው እየደገፉ በጄም ፔል ባዝራ ላይ አወጡኝና ከዚያ ቦታ ይዘውኝ ወጡ። ዛሬ ቆሜ የማነበው በዚያ ምክንያት ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቬርሉ የሚለው ስም በክፍለ ጦሩ ዓርማ ላይ በወርቅ ክር ተጠለፈ፤ ለእኛም የነሐስ ኮከብ ተሰጠን። በጥይትና በመድፍ ሥር የነበረ ሰው ደግሞ በኮከቡ ሪባን ላይ የሚደረግ ቀጭን የብር ዘንግ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ካልጠየቀ አይሰጠውም። አምብሮስ አልጠየቁም። እኔ ስጎተጉታቸው "ዓይኔን ጨፍኜ የቆምኩበትን ምን አየሁ ብዬ ልጻፍ?" አሉኝ።

"እኔ አይቼሃለሁ" አልኳቸው።

"አንተማ ደምህ እየፈሰሰ ነበር፤ ዛፍም ቢሆን ሰው ይመስልህ ነበር" አሉና ነገሩን ዘጉት። የሚፈሩት ግን ሌላ ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ በሰው ፊት "አንተ ከኋላ ነበርክ፤ ቬርሉ ያንተ አይደለም" እንዳይላቸው ነው።

በ1920 እህቴን ሌቲን አገቡ፤ በገበያው ጎዳና ላይ የኮርቻ መሥሪያ ሱቅ ከፍተው ዶርካስንና ሩበንን ወለዱ። ፈረስ እያነሰ መኪና ሲበዛ የትምህርት ቤት ቦርሳና ቀበቶ እየጠገኑ ቤታቸውን አስተዳደሩ። ነጎድጓድ ሲመጣ ሥራቸውን ጥለው ሱቁን ይዘጉ ነበር፤ ደንበኛም አይቀየማቸውም። መንገድ ሲሻገሩ የልጆቹን እጅ ስለሚያጠብቁት ሩበን "አባዬ፣ ጣቴን ሰበርከው እኮ" ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም "ጣት ይድናል፤ ዝም ብለህ ተሻገር" ይሉታል።

የክፍለ ጦሩ አሮጌ ወታደሮች በየዓመቱ በቬርሉ ቀን በመጠጥ ቤቱ ፎቅ ላይ እንሰበሰባለን። የበሬ ሥጋና ድንች ከተበላ በኋላ እንደ ድሮው አራት አራት ሆነን ቁጥራችንን እንጠራለን፤ የሞተ ሰው ቁጥር ሲደርስ ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይባላል። በእኛ አራት አንድ ዝምታ፣ ደግሞ ሌላ ዝምታ፣ ከዚያ የአምብሮስ "ሦስት"፣ ከዚያ የእኔ "አራት" ነው። አምብሮስ ከዚያ ቀን በፊት ባለው ሳምንት ምግብ አይበሉም ነበር። ተሳስተው በጄም ፔል ዝምታ ላይ እንዳይናገሩ ይፈራሉ፤ የጄም ሚስት ወይዘሮ ፔልም በየዓመቱ ከገበታው ጫፍ ተቀምጠው ይሰማሉ።

በ1927 የፈሩት ደረሰ። ከማርሎ ዝምታ በኋላ ወዲያው "ሦስት" አሉ። ከሌላ አራት የነበረው ፐርሲ ጋድስቢ ሳቀና "ኧረ ፈረስ ያዡ! ያኔ ከኋላ ቀርተህ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?" አላቸው። ብዙ ሰው ሳቀ። አምብሮስ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ረስተው ወጡ። በዓመቱ የቬርሉ ቀን ሲደርስ ብለምናቸውም፣ ሌቲ ብታለቅስባቸውም አልሄዱም። በዚያ ዕለት ሦስት ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ እኔ ብቻዬን "አራት" አልኩ።

በማግስቱ ወይዘሮ ፔል ወደ ሱቁ መጡ። እኔም እዚያ ነበርኩ።

"አምብሮስ፣ ሞተሃል እንዴ?" አሉ ገና ከበሩ።

"አልሞትኩም፣ ወይዘሮ ፔል።"

"ታዲያ ትናንት ለምን አስደነገጥከኝ? ለሌቲ ጥቁር ልብስ ልፈልግላት ነበር እኮ።"

"በጄም ላይ ተናገርኩበት። በምን ዓይኔ ልይዎት?"

"ጄምን በሕይወቱ ሳለ ማን አስጨርሶት ያውቃል? እኔ ራሴ ስንቴ አቋርጬዋለሁ።" ከዚያ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማኝ። ባሌ መቃብር የለውም። ያለው ያቺ አንዲት ዝምታ ናት። ትናንት አንተ ከአጠገቡ ዝም ስትል የቱ የሱ እንደሆነ ጠፋብኝ። የሱ የት ላይ እንደሚያልቅ የማውቀው አንተ ስትናገር ነው።"

አምብሮስ የጠገኑላቸውን ቦርሳ ከመደርደሪያው አወረዱ። ከዚያ "እፈራለሁ" አሉ።

"እየፈራህ ና" አሏቸው ወይዘሮ ፔል፤ ቦርሳቸውንም ተቀብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ዓመት አልቀሩም። ወይዘሮ ፔል ካረፉ በኋላም አልቀሩም። እንደ ፊተኛው ሁሉ አይበሉም፣ እንደ ፊተኛው ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት ክፍለ ጦራችን ከሌላ ክፍለ ጦር ጋር ሲቀላቀልና አሮጌው ዓርማ በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ አሁን ከራሳችሁ በላይ በምታዩት ቦታ ሲሰቀል፣ ለመጨረሻ ጊዜ በዓርማው ፊት ቁጥራችንን ጠራን። አምብሮስ የጄምን ዝምታ አስጨርሰው "ሦስት" አሉ። ጋድስቢ ከተቀመጠበት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ "ዛሬ እንኳ አልቸኮልክም" አላቸው። "አንተ እንዲህ አርጅተህ ሳይህ ምን ያስቸኩለኛል?" አሉት። ሁለቱም ሳቁ።

በዚህ ክረምት ልባቸው ደከመ። በሆስፒታሉ የአልጋውን ብረት ይዘው አይለቁም ነበር፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ። አንድ ቀን እኔንና ዶርካስን ጠርተው እንዲህ አሉ፦ "ሜዳሊያዎቹን ትራስ ላይ አታስቀምጡብኝ። የተቀመጠ ነገር ማንም አልያዘውም ማለት ነው። ዶርካስ፣ አንቺ ያዢልኝ።" ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና "የብሩን ዘንግ ጠይቅልኝ" አሉ። ጆሮዬን አላመንኩም።

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ፈርቶ ነበር፤ አልለቀቀም ብለህ ጻፍ።"

እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍኩ። መልሱ እስካሁን አልመጣም፤ በሪባኑ ላይ የዘንጉ ቦታ ባዶ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትንፋሻቸው ሲቆም የያዙት የዶርካስን እጅ ነበር፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ነርሷ ናት።

አስር አለቃ አምብሮስ ቲርክል ከባለቤታቸው ከሌቲ ጋር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሌቲን፣ ልጆቻቸውን ዶርካስንና ሩበንን፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ ሁሉ የሰውን አደራ አጥብቆ ይዟል፤ አሁን አንተ እሱን ያዝ፤ ድምፅ በማያስደነግጥበት ስፍራም ነፍሱን አሳርፍ። አሜን።

በመጪው የቬርሉ ቀን በእኛ አራት ሦስት ጊዜ ዝም ይባላል። አንደኛው የለም። ሁለተኛው የለም። ሦስተኛው እነሆ በፊታችሁ ነው። የቀረሁት አራተኛው፣ እኔ ኢኖክ ሬይነር ነኝ።