የተገለበጠው ኪስ

የምስክር መጠሪያ፦ እማማ ሳሙና (በከተማው የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከእስር ቤቱ የኋላ ግንብ አጠገብ፣ ሦስተኛው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40
ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና፦ የለም (ከታች ታርሟል)

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ተጠርጣሪው የእስር ቤት ጠባቂ በትኩሳት የሞተውን እስረኛ ሕመም ሆን ብሎ ከቤተሰቡ ደብቋል በመባሉ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በቅድሚያ ዝምድና የለንም ብዬ ያስመዘገብኩት ሐሰት ስለሆነ ይታረምልኝ። ሟቹ ልጄ ነው። ጠባቂው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዘመዱ በታሰረበት እስር ቤት ጠባቂ ሆኖ መሥራት ስለማይፈቀድ፣ ልጄ ከታሰረ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ፣ ሆድና ጀርባ መስለን ኖረናል። በዚህ ከተማ ግማሹ ታሳሪ፣ ግማሹ አሳሪ ነው፤ የሁለቱንም ልብስ በአንድ ገመድ ላይ የማሰጣው እኔ ነኝ። ዝምድናችንን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው መዝገብ ብቻ ነበር።

ወንድሜ በየሳምንቱ ሰኞ የደንብ ልብሱን ለእጥበት ሲልክ የሱሪው ቀኝ ኪስ ወደ ውጭ ተገልብጦ ከመጣ ልጄ ታሟል ማለት ነው። ኪሱ በቦታው ካለ ደህና ነው። ቤተሰብ ካላመለከተ እስረኛ ወደ ሐኪም ቤት አይወጣም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ኪሱ ተገልብጦ መጥቶልኝ፣ በማግሥቱ አመልክቼ ልጄን አሳክሜዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ልብሱን ይዛ የመጣችው ወንድሜ በቅርቡ ያገባት ሚስቱ ናት። ኪሱ በቦታው ነበር። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ አጠብኩት። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መርዶ መጣብኝ።

ከቀብር ስንመለስ ሙሽሪትን ብጠይቃት «ኪሱ ተገልብጦ ሳየው፣ ባሌን ዝርክርክ ነው እንዳይሉብኝ ብዬ መለስኩት እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። ምስጢር ለሦስት አይሆንም ብለን ምልክቱን አልነገርናትም ነበር። በእሷ አልፈርድም፤ ንጹሕ ሴት ናት። እኔ ያንን ኪስ ሳሽ ልጄ ግንቡ ውስጥ በትኩሳት እየነደደ ነበር። 

ወንድሜ ምልክቱን ልኮልኛል እንጂ አልደበቀኝም። ይህን በመናገሬ ከሥራው እንደሚባረር፣ እናታችንም የምትጦረው በእሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም ብል ግን ጨካኝ ባዳ ተብሎ ይፈረድበታል። ልጄን ቀብሬ ወንድሜን ማሳሰር አቅቶኛል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ያልኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እውነት ስለመሆኑም በአውራ ጣቴ አረጋግጫለሁ።

የምስክር አሻራ፦ (ጣቷ በሥራ ብዛት ስለተፋቀ ሦስት ጊዜ ተወስዷል)
የመርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ከቀኑ 5፡15 ተጠርጣሪው ታጅቦ በኮሪደሩ ሲያልፍ ምስክሯ ከወንበሯ ተነሥታ «እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ?» ብላዋለች። ተጠርጣሪው የሰጠችውን ቃል ገና አልሰማም ነበር። እንደማያውቃት ሆኖ አንገቱን ደፍቶ አልፏል።