እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት

ጋሽ ኑሪ አዲሱ ገበያ ከአንድ ሱቅ ጓጉንቸር ገዝተው ሲወጡ፣ ከሚኒባስ ከወረደችው የወንድማቸው ልጅ ሙኒያ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሙኒያ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሰላምታው እንዳለቀ ጓጉንቸሩን አየችና፣ ሌባ ገብቶባቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሌባማ ቢሆን በተሻለ ነበር» አሉ።

ጋሽ ኑሪ አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲነግዱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከሜትራቸው ጋር ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ቀለሙን የሚለቅ ጨርቅ ገና በጣታቸው ሲነኩት ይለዩታል። ጣታቸው ለጨርቅ እንጂ ለሰው እንደማይሠራ ግን እስከዚያ ቀን የነገራቸው አልነበረም።

የነሐሴ ካፊያ እየመታቸው ዳገቱን ሲወጡ ነገሩን አወጉላት። ክረምቱ ከጠና ወዲህ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ሚስታቸው ጀዊሪያ ከሰል ያቀጣጥላሉ። ይኼኔ ጎረቤታቸው ጌጤ ሁለቱን ግቢ በምታገናኘው ትንሽ በር በኩል፣ የቆርቆሮ ክዳኗን ይዛ እሳት ልትጭር ትመጣለች። ቁጭ በይ ቢሏት በጄ አትልም፤ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ፍሟን ተቀብላ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች በኋላ ሰዓት ሳይሞላ የቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ይቀራል። ባለፈው ሐሙስማ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ጀና አስመልሷት ተዝለፍልፋ ወደቀች። የጌጤ ቤተሰብ ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። ጓጉንቸሩ ለዚያች ትንሽ በር ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እሳቱ የሚቀመጠው የት ነው?»

«ሳሎን ነዋ። በዚህ ብርድ የት ልናስቀምጠው ኖሯል?»

«መስኮቱስ?»

«ዝግ ነው። መብራት ጠፍቶ መስኮት መክፈት ሌባ መጋበዝ ነው። የበሩንም ሥር በጨርቅ እንወትፈዋለን።»

ሙኒያ መንገዱ ላይ ቆመች። ሕመሙ ከጌጤ ሳይሆን ከከሰሉ እንደሚመጣ፣ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ እንደሚያወጣ ነገረቻቸው። ጋሽ ኑሪ አሁን ደግሞ እሷን ጠረጠሩ። የተማረ ሰው፣ በእሳቸው ግምት፣ በዓይኑ ካላየው ነገር ሁሉ ጋር ጠብ አለው፤ ይቺ ደግሞ ራሷ የማይታይ ነገር ይዛ መጣች።

«ጭስ የለውም እኮ፣ ልጄ። ጀዊሪያ ውጭ አቀጣጥላ፣ ፍም ሲሆን ነው የምታስገባው።»

«ጭሱ ቢኖርማ ዓይንዎን አቃጥሎ ያስወጣዎት ነበር። የሚገድለው ይኼ የማይታየው ነው። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።»

«የሰው ዓይን እንዳለ ሃይማኖትሽ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። እሳት ሳናጠፋ እንዳንተኛም ያዘዘን እሱው ነው። አንዱን ይዘን ሌላውን ለምን እንጥላለን፣ ጋሼ?»

ጋሽ ኑሪ በንዴት የጌጤ ቤት ሰዎች ለምን አይታመሙም ብለው ጠየቁ። ሙኒያም ጌጤ ፍሙን ወስዳ የት እንደምታስቀምጠው መልሳ ጠየቀቻቸው። በረንዳዋ ላይ ነበር፤ በአጥሩ በኩል በየቀኑ ያዩታል። የተጠረጠረ ሰው ዕዳው ይኼ ነው፤ ጤና መሆኑም ይቆጠርበታል።

ቤት ሲደርሱ መብራት ጠፍቷል። መስኮቱ ተዘግቷል፣ የበሩ ሥር ተወትፏል። እትዬ ጀዊሪያ ራሳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። ጀና ገና በአሥር ሰዓት ከማንደጃው አጠገብ ተኝታለች።

«ጌጤ መጥታ ነበር?» አሉ ጋሽ ኑሪ ገና በሩ ላይ እንዳሉ።

«ጌጤማ ከትናንት ጀምሮ ሱሉልታ ለቅሶ ላይ ናት» አሉ እትዬ ጀዊሪያ በደከመ ድምፅ።

ሙኒያ ልጅቷን አንስታ ወደ ግቢው ሮጠች። ጋሽ ኑሪ ሚስታቸውን ደግፈው አወጡ፤ መስኮቱንም ከፈቱ። ጀና ካፊያው ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ገለጠች። ያም ቢሆን ሙኒያ አልተዘናጋችም፤ ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ወስዳ ኦክስጅን አሰጠቻቸው። ትንሽ ዘግይተው ቢደርሱ ኖሮ ልጅቷን ማትረፍ ይከብድ እንደነበር ሲሰሙ፣ ጋሽ ኑሪ ሰው ያየኛል ሳይሉ አለቀሱ።

«የማላየውን ፈርቼ የማያትን ሴት ከሰስኩ» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ። ማንደጃው በረንዳ ላይ ነበር። ጌጤ ከለቅሶ ተመልሳለች፤ ዛሬ ግን እሳት ልትጭር አልመጣችም። ጋሽ ኑሪ ራሳቸው ፍሙን በቆርቆሮ ይዘው በትንሿ በር ተሻገሩ። እግዜር ያጽናሽ ካሏት በኋላ ጥርጣሬያቸውንም፣ ጓጉንቸሩንም፣ ሙኒያ ያለችውንም ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯት። ጌጤም ፍሙን ሳትቀበል መለሰችላቸው።

«ጋሽ ኑሪ፣ እንግዲያው እኔም ልናዘዝ። እናንተ ደጃፍ ትንሽ ከቆየሁ ራሴን ያዞረኝ ነበር። ‹እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ቢያደርጉብኝ ነው› እል ነበር። ቁጭ በይ ስትሉኝ እምቢ የምለው ለዚያ ነው። እሳቱንም ቤት ላስገባው ስለፈራሁ ነው በረንዳ ላይ የማደርገው። በክረምት እርጥብ ከሰል አልያዝ እያለኝ እንጂ መምጣቱንም እተወው ነበር።»

ጋሽ ኑሪ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሁለት ቤት ለአንድ ማንደጃ ጥፋት እርስ በርስ ሲካሰስ ከርሟል፤ የእሷን ልጆች ያተረፋቸውም ዕውቀት ሳይሆን አጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመኩበት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ሁለቱ ቤተሰቦች የጋሽ ኑሪ በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው አንድ ከሰል ይሞቃሉ። ከሰሉ ውጭ ይጀምራል፣ ውጭ ያልቃል፤ ወደ ቤት የሚገባው ላዩ ላይ የበሰለው ወጥ ብቻ ነው። ራሱን የሚያመው የለም። ጀና በመካከላቸው ትሯሯጣለች፤ ሰው ወዳለበት በረንዳም ሌባ ዝር አይልም። ጌጤ አሁን ቁጭ ትላለች፤ እንዲያውም ሂጂ ካልተባለች አትነሳም እያሉ ጋሽ ኑሪ ይቀልዱባታል።

ጓጉንቸሩ ከንቱ አልቀረም። ትንሿን በር ትተው፣ ወደ መንገድ በሚያወጣው በራቸው ላይ አንጠለጠሉት። ሲገዙት ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ ጌጤ ዘንድ ነው።