የሙሽራዋ እህት ሲንቄ

ነቀምቴና ጉቴ ያለን ሠዓሊዎች በቴሌግራም ግሩፕ አንድ ሥዕል እየተቀባበልን እንሠራለን፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥላል። ግሩፑን የከፈተችው ሌሊሴ ማንንም አትምርም። "ይሄ እጅ ነው ማንኪያ? አጥፋው" ትላለች፤ ሰውየውም ያጠፋል። የኔ ሲመጣ ግን ሁሉም በኦሮምኛ "ጋሪዳ"፣ ማለትም ቆንጆ ነው፣ ብለው ያልፋሉ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ባለፈው የሠርግ ሥዕል ደርሶኝ የሙሽራዋን ታናሽ እህት ሲንቄ አስያዝኳት። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ነው፤ ያላገባች አትይዘውም። ይህን ያወቅኩት ሥዕሉ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ሰው ሲስቅብን ነው። ለሌሊሴ ደወልኩ።

"አላያችሁትም እንዴ?"

"አይተነዋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ኦቦሌሳኮ፣ የኛ ልጅ ቢሆን እንቆጣው ነበር። አንተን ግን ቅር እንዳይልህ ብለን ነው።"

ኦቦሌሳኮ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። ከጎጃም የመጡት አያቴ ናቸው፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነቀምቴ ነው። ስልኩን ዘግቼ ግሩፑ ላይ የድሮ ሥዕሎቼን ከፈትኩ። ከሁሉም ሥር "ጋሪዳ" ይላል። አንዴ እንኳ "አጥፋው" ብትለኝ ምን ነበረበት።