የንጉሡ ድግስ ሰልፍ

በዚያ የረሃብ ዘመን ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የስደተኞች መጠለያ አስተርጓሚ ነበርሁ። ዱራ የሚሉትን ማሽላ የሚያመጣልን ሎሪ ከቀረ ሰንብቷል። አንድ ቀን የውጭ አገሯ ነርስ የልጆች ተረት መጽሐፍ ይዛ መጣችና ልጆቹን ድንኳን ውስጥ ሰብስባ ታነብላቸው ጀመር፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ባማርኛ እደግመዋለሁ። «ንጉሡም ታላቅ ድግስ ደግሰው፣ ‹ያገሬ ሰው፣ ኑ ብሉ!› አሉ» ስል ውጪ ግርግር ሰማሁ። ብቅ ብዬ ባይ እናቶች ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል!

ደንግጬ «ኧረ ተረት ነው! ንጉሥም ድግስም የለም» አልኋቸው። ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ ረገመኝ። ከሰልፉ ፊት የነበሩት፣ እማማ ጥሩ የሚባሉት አሮጊት ግን ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ልጆቹ መሀል ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ ተረት ነው እኮ!»

«ሰምቻለሁ ልጄ፣ አንተ ቀጥል። ንጉሡ ያን ሁሉ ሰው ጠርተው ባዶ እጁን አይሰዱትም።»