አሥራ አምስት ጥቁር አዝራሮች

ተማሪዋ ወደ ልብስ ስፌቱ ቤት የገባችው ለጥናቷ አልነበረም። የአውቶቡስ በር ቀሚሷን ይዞ እስከ ጉልበቷ ስለተረተረባት ነው። በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሌላው የወረቀት ክምር ታቅፋ፣ በሩ አጠገብ ካለው የስፌት መኪና ፊት ቆመች።

መኪናው ላይ የተቀመጠችው ሴት ሃምሳ ዓመት የሞላት ናት። የሥራ ጓደኞቿ «መቀሷ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ለምላሷ ነበር፤ ቆራጯንም፣ ልብስ ተኳሿንም፣ አለቃውን ሳይቀር በነገር ትሸነሽናቸው ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን፣ ይኸው ሁለት ዓመት፣ ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል ከአፏ አይወጣም። ስሙ ብቻ ቀረ።

«ይህን አንሶላ አገልድመሽ ቀሚሱን ስጪኝ» አለቻት። «የሆስፒታል ነው፤ ገና ማንም አልተኛበትም።»

ተማሪዋ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መቀሷ ትንሽ ታነባለች፤ ላይኛውን ገጽ በዝግታ ለቃቀመችው። «ሐዘንተኞች ራሳቸውን ስለሚወቅሱበት ሁኔታ» ይላል። እግሯ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የዩኒቨርሲቲ ጥናቴ ነው፣ እትዬ። ሰው ሞቶባቸው ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› የሚሉትን በዚህ የሚሞላ መጠይቅ እጠይቃለሁ።»

«ለቅሶ በወረቀት። በሜትር ለክተሽ ልትቆርጪው ነው?»

«መቁረጥስ አልችልም። ባውቀው ብዬ ነው።»

«እኔ ሳልማር አውቄዋለሁ» አለች መቀሷ። ከዚያ፣ ከማታውቃት ልጅ ጋር ማውራት ከሚያውቋት ጋር ከማውራት ስለቀለላት ይሆናል፣ ዓይኗን ከቀሚሱ ሳታነሳ ነገረቻት።

ባሏ ግንበኛ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት እሷ ያጠበችውን ወለል በጭቃ ጫማው ረግጦ አለፈ። «ሂድ ከዚህ፣ ዓይንህን አያሳየኝ» አለችው። እኩለ ቀን ሳይሆን የቆመበት መወጣጫ ተሰብሮ ወደቀ።

«አላሳየኝም» አለች። «አፌ ነው የገደለው። አንዲት ልጅ ትቶልኛል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ጓዳ እገባለሁ፤ በሩ እስኪዘጋ አልወጣም። አፌን አላምነውም።»

«ልጅቷስ ምን ትላለች?»

«መጀመሪያ ሰሞን ‹እማዬ፣ እኔንም ጠላሽኝ?› ትለኝ ነበር። አሁን አትጠይቅም።»

ተማሪዋ ለማጽናናት አልቸኮለችም። «እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ልናገር?» አለች። «እርስዎ የያዙት እኛ መላምት የምንለውን ነው። ግምት ነው፤ ገና ያልተፈተነ።»

«ፈትኜዋለሁ። በቀብሩ ሳምንት ሥራ ስገባ እዚሁ መሃል ቆሜ ሁሉንም ጠየቅኋቸው። ‹እናንተ እንደኔ ባላችሁን ተራግማችሁ የሸኛችሁበት ቀን አለ?› አልኳቸው። አሥራ ስምንት ሴቶች። አንዷም አለ አላለችም።»

«ጥቁር ለብሰው?»

«ታዲያ ቀይ ልልበስ?»

«ጥቁር ለብሰው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ ‹እንደኔ ተራግማችሁ› ብለው ጠየቁ። መልሱን ጥያቄው ውስጥ አስቀድመው ሰፍተውታል፣ እትዬ። እኔም ብሆን ‹ኧረ በጭራሽ› ነበር የምልዎት።»

መቀሷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ይሁን፣ ዋሹኝ እንበል። እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ሞተ። ይህንንስ በምን ትፈቺዋለሽ?»

«እዚያ መደርደሪያ ላይ ያለው ሬዲዮ የስድስት ሰዓት ዜና ሲጀምር ለምሳ ትነሳላችሁ፣ አይደል? ያስራባችሁ ዜናው ነው?»

«እኔ ሬዲዮ አይደለሁም።»

«አይደሉም። ግን አንዱ ሌላውን ተከትሎ መምጣቱ ብቻ አይበቃም ለማለት ነው። መወጣጫው ላይ ሌላ ሰው ነበር?»

«አንድ ጓደኛው ነበር። አብረው ወደቁ፤ እሱም ሞተ።»

«የእሱ ሚስትስ ጠዋት ምን ብላው ነበር?»

መቀሷ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አኖረችው። ያችን ሴት ታውቃታለች፤ ለቅሶው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ እያነባች ስትደጋግመው የነበረው፣ እስከ በር ወጥታ፣ የኮቱን ኮሌታ አስተካክላ፣ መርቃ እንደሸኘችው ነበር። መቀሷ ያንን ሰምታ በራሷ ይበልጥ አፍራ ነበር እንጂ፣ የተመረቀውም መሞቱን አንድ ቀን አጢናው አታውቅም።

ሳንማር ጥናት አናደርግም የምንል ተሳስተናል። ሁላችንም እናደርጋለን፤ አንድ ጠዋት ያየነውን ይዘን ዕድሜ ልክ እንፈርድበታለን። ክፋቱ፣ እንዴት እንደጠየቅን የሚጠይቀን የለም።

«እንደገና እንጠይቃቸው፤ እሺ ካሉ ብቻ» አለች ተማሪዋ። «ያልፈለገች ትተወው። ስም አይኖርም። ማን ምን እንዳለች እርስዎም እኔም ማወቅ የለብንም።»

ጥያቄው ላይ ብዙ ተጨቃጨቁ። መቀሷ «ክፉ አፍ» የሚል ይግባበት አለች፤ ተማሪዋ አስወጣችው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «ባልሽን ወይም ልጅሽን ተቆጥተሽ ተናግረሽ የሸኘሽበት ጠዋት አለ?» አለ የምትል ከሚሰፉት ዩኒፎርም ጥቁር አዝራር፣ የለም የምትል ከበሽተኞች ፒጃማ ነጭ አዝራር ትጥላለች። የአዝራሩን ባዶ ቆርቆሮ ከተኳሿ መጋረጃ ጀርባ አስቀመጡት።

ጥያቄው ሲነበብላቸው «ያገባች ሁሉ ጥቁሩን ነው የምትጥለው» ብላ ቆራጯ ሳቀች፤ ወዲያው መቀሷን አየችና ሳቋን ዋጠችው። አንድ በአንድ ገቡ፤ አንድ በአንድ ወጡ።

ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። አሥራ አምስት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ። አንዷ ሳትጥል ወጥታለች፤ ማን እንደሆነች አልጠየቁም።

መቀሷ ጥቁሮቹን በጣቷ እየገፋች ደረደረቻቸው። «እነዚህ ሁሉ የተቆጧቸው፣ ማታ ተመልሰዋል» አለች።

«ተመልሰዋል። እንዳልዋሽዎት ግን፣ ይህ ትንሽ ናሙና ነው። አንድ ክፍል ያሉ ሴቶች ስለ ዓለም ሴት ሁሉ አይናገሩም። ባለቤትዎ ለምን እንደወደቁም አዝራሩ አይነግረንም። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ እርስዎ ቁጣዎን ከሞታቸው ጋር ያያያዙት የተመለሱትን ሳይቆጥሩ ነው።»

መቀሷን ደስ አላላትም። ፊቷን በሆስፒታሉ አንሶላ ሸፍና፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ጓደኞቿ መኪናቸውን አቆሙ።

«ልጄ» አለች ኋላ፣ «እኔ ገደልኩት ስል ቢያንስ ምክንያት ነበረው። አሁን እንዲያው ጣውላ ተሰብሮ ነው የሞተው።»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ተማሪዋ።

ቀሚሱ ተሰፍቶ አለቀ። ተማሪዋ ስትነሳ መቀሷ የወረቀቱን ክምር ጠቆመች። «ከዚያ አንዱን ተይልኝ። ቀስ ብዬ እሞላዋለሁ። ስሜን አልጽፍም፤ ሌላው ግን እውነቱን ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጓዳ አልገባችም። ልጇ ቦርሳዋን አንግታ ፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ በሩ ስትሄድ፣ መቀሷ መሃል ቤት ቆማ ነበር።

«በዚህ ብርድ ፀጉርሽን ሳታደርቂ ወዴት ነው? ስታስነጥሺ አስታምሚኝ ብትይ አልሰማሽም። ችኩል።»

ልጅቷ እጀታውን እንደያዘች ቀረች። ቦርሳዋን አውርዳ፣ ፎጣ አንስታ፣ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ቁጭ አለች። መቀሷ ፎጣውን ተቀበለቻትና ፀጉሯን አጥብቃ አሸችላት።

የዚያን ቀን መቀሷ ሦስት አንሶላ አበላሽታ ሰፋች። ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። አሥራ አምስቱን ጥቁር አዝራር ለራሷ ደጋግማ ብትቆጥርም በሩ በተከፈተ ቁጥር ከመኪናዋ ብድግ ትል ነበር፤ ሁለት ዓመት የኖረ ፍርሃት በአንድ ቆርቆሮ አይወጣም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለች፤ ካልሲዋ ወርዶ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። እናቷን በሩ ላይ ስታይ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች፤ ጫማዋን አየች፤ የታጠበውንም ወለል አየች።

«ላውልቀው?» አለች።

«ግቢ» አለች መቀሷ። «ግቢ ብቻ።»