ዳቦ ጋጋሪው ስለ ብስክሌት መስመሩ የሰጠው ቃል

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ፣ በረዶው ቀልጦ ጭቃ በሆነበት መንገድ ጥግ ጥጉን ስሄድ ዳቦ ጋጋሪው ኤርሚኒዮ መሰላል ላይ ወጥቶ በሱቁ መስኮት ላይ ትልቅ ወረቀት ሲለጥፍ ደረስኩ። «የብስክሌቱ መስመር ይነሳልን!» ይላል። ኤርሚኒዮ ከአዞሬስ ደሴቶች ወደ ቶሮንቶ ከመጣ ሃምሳ ዓመት ሆነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የበላሁት የሱን ዳቦ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሳንከራከር ያለፈ ሳምንት የለም።

«ፕሮፌሶር፣ ተቃንቷል?» አለኝ ከላይ።

«ወረቀቱስ ተቃንቷል፤ የተንጋደደው ሐሳቡ ነው» አልኩት።

«በል ግባና ውስጥ ሆነን እንሰዳደብ፤ እዚህ ብርድ ነው።»

ውስጥ ባለቤቱ አማልያ ጥጓን ይዛ በግራ እጇ የኬክ ካርቶን ታጥፋለች። ባለፈው መኸር ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ረግቶ ወድቃ ነበር፤ ቀኝ እጇ እስካሁን አልታዘዝ ብሏታል። ከመስኮቱ አጠገብ የአምቡላንስ ሠራተኞች ልብስ የለበሰች አንዲት ወጣት ቡናዋን ይዛ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ «ሻንቲኒ» የሚል ስም ተሰፍቷል።

ነገሩ ይህ ነው። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የኛን ጨምሮ በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት ብቻ የተከለሉትን መስመሮች ነቅሎ ለመኪና ሊሰጥ፣ የከተማው ምክር ቤትም ያለ እሱ ፈቃድ አዲስ እንዳይሠራ ሊከለክል ሕግ አርቅቋል። ከከተማው በስተሰሜን ደግሞ የገበሬው ማሳ ተቆርጦ ሰፊ አውራ ጎዳና ይዘረጋል። ይህንንም «የመጨናነቅ መፍትሔ» ብለው ሰይመውታል። ስም ማውጣት አያስከፍል!

«ዛሬ ከሰዓት ሕጉን የሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ቀርቤ እመሰክራለሁ» አለ ኤርሚኒዮ እጁን እየጠረገ። «ስንት መኪና ተገትሮ እያለ አንድ ጎረምሳ በባዶው መስመር እያፏጨ ያልፋል። ይሄ ፍርድ ነው?»

ወጣቷ ዞር አለች። «አባባ፣ ጣልቃ ልግባ? ነገ ዳቦ በነጻ ነው ብለው ቢለጥፉ ምን ይመጣል?»

«ምን ይመጣል! ሰልፉ ባቡር ጣቢያው ድረስ ነዋ።»

«ሰልፉን ለማሳጠር አንድ ምድጃ ቢጨምሩስ?»

«ያልሰማው ሁሉ ሰምቶ ይመጣል እንጂ የት ሊያጥር!»

«አውራ ጎዳናውም እንደዚያው ነው። ሲሰፋ ትናንት በባቡር የሄደው ሁሉ መኪናውን ያወጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ሰልፍ ነው። ማሳው ግን አይመለስም።»

ኤርሚኒዮ ፊቱ ቀላ። በገዛ ምድጃው ሲረታ ማን ደስ ይለዋል!

«ደንበኞቼስ? መኪና የሚያቆሙበት አጡ እኮ!»

«በርህ ላይ የቆመችው ነጭ መኪና የማን ናት?» አልኩት።

«የኔ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ... ከሰኞ።»

አማልያ ከጥጓ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ከኪሱ የታጠፈ ጽሑፍ አወጣ፤ ሕጉን የሚደግፈው የሰፈራችን እንደራሴ ጸሐፊ የተየበለት ነው። «ሳቁ፣ ሳቁ! ይህን ስሙና ሳቁ» ብሎ አነበበ፦ «ከምስጋና በዓል በፊት በነበረው ዓርብ ባለቤቴ ወደቀች። አምቡላንሱ በብስክሌት መስመሩ ምክንያት መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ሚስቴ ለጥቂት ዳነች።»

ሚስቱ ልትሞትበት ለነበረ ሰው የጂኦግራፊ ትምህርት አይሰጥም።

ሻንቲኒ ሲኒዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ያን ቀን የአምቡላንሱን መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጭምብል አድርጌ ነበር፤ እርስዎም ዓይንዎ እሳቸው ላይ ስለነበር አላስተዋሉኝም። ዛሬም የገባሁት እግረ መንገዴን ነው፤ ደህና ሆነው ሳያቸው ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ።»

«ሱቄ በር ላይ ቆሜ መብራታችሁን አይቻለሁ። ቆማችሁ ነበር!»

«ቆመን ነበር፤ ግን እዚያ ማዶ ካለው ድልድይ ወዲያ። እዚያ አራቱም መስመር የመኪና ነው፤ ብንጮህስ የት ይሂዱልን? ድልድዩን እንዳለፍን ወደ ብስክሌቱ መስመር ገባሁ። ብስክሌተኞቹ ወርደው ብስክሌታቸውን እያነሱ ዘወር አሉልኝ፤ እዚህ በር እስክደርስ ፍሬን አልያዝኩም። ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ ዘወር ይላል። መኪናውን ተሸክሞ ዘወር ያለ ግን እስካሁን አላየሁም።»

ኤርሚኒዮ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሐኪሙ... አሥር ደቂቃ ብትዘገይ ኖሮ አንደበቷ አይፈታም ነበር ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጽሑፉን መልሶ አየው። «እኔ ለዚያ ጸሐፊ የነገርኩት አምቡላንሱን ቆሞ አየሁት ብዬ ነው። 'በብስክሌት መስመሩ ምክንያት' የምትለዋን የጨመራት እሱ ነው!»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የታመመች ሴት አልጋ ላይ ቆመው አውራ ጎዳና የሚለምኑ ሰዎች ምን ይባላሉ? «ሌላም አለ» አልኩት። «ሕጉን አንብቤዋለሁ። መስመሩ ከተነቀለ በኋላ እዚያው ቦታ ብስክሌተኛ ቢሞት ቤተሰቡ መንግሥትን እንዳይከስ የሚከለክል አንቀጽ አስገብተዋል። ማንም የማይጎዳ ከሆነ ክሱን ምን አስፈራቸው? ሞት እንደሚመጣ ያውቁታል፤ አውቀው ነው የሚነቅሉት!»

አማልያ ካርቶኑን ተወችው። ቃል ስታወጣ አሁንም ይከብዳታል። «ኤርሚኒዮ» አለች፣ «ወረቀቱን... አውርድ።»

አወረደው።

ከሰዓት አብሬው ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ኤርሚኒዮ የተተየበውን ጽሑፍ ኪሱ ውስጥ ትቶ በቃሉ ተናገረ። አምቡላንሱ በየት በኩል እንደመጣ አንድ ሳያስቀር ተረከ። «መስመሩ ከመጣ ወዲህ ባለቤቴን መንገድ የማሻግራት ሁለት የመኪና ረድፍ ብቻ ነው፤ ድሮ አራት ነበር» አለ። «የሰፈሩ ልጆች በራሳቸው ብስክሌት ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ገና ሳይነጋ ሊጥ የምታቦካልኝ ሠራተኛዬም የምትመጣው በዚያው ነው፤ መኪና የላትም። መንገዱን ለማሳለጥ ከፈለጋችሁ ባቡርና አውቶቡስ ጨምሩ፤ የገበሬውንም ማሳ ተዉለት።»

ሰብሳቢው ፊቱ ያለውን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። «ይቅርታ፣ ሚስተር ኤርሚኒዮ፤ አስቀድመው ያስገቡት ጽሑፍ እኮ ይህን አይልም።»

«ጽሑፉ የእናንተ ነው» አለ ኤርሚኒዮ። «ሚስቲቱ ግን የኔ ናት።»