እግሬ አልዘገየም

ከጭሮ ወደ አሰቦት በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ መምህርና አንድ የጫት መኪና ሹፌር ተቀምጠዋል። ሹፌሩ የገጫቸው አዛውንት ቤት ለእርቅ እየሄደ እንደሆነ ከወሬያቸው ገባኝ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ሰውም እንደ ማሽን ነው» አለ መምህሩ። «ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ጊዜ ይፈጃል። ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። ለሽማግሌዎቹ እንደዚያ በላቸው።»

«አልልም።»

«ለምን? እውነት እኮ ነው።»

«መምህር፣ እኛ ጫት ስንጭን ፍሬን አንይዝም። ክላክስ እናደርጋለን፣ የሚሸሸው እግረኛው ነው።»

«እሺ፣ እና?»

«ከሩቅ አየኋቸው። እግሬ ፍሬኑ ላይ ደርሶ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ጫቱ ይጠወልጋል ብዬ መለስኩት። ማሽን ቢሆን ይረግጥ ነበር።»

«ይህን ተናግረህ ማን ይምርሃል?»

«እሳቸውማ ምረውኛል። በክራንች እየሄዱ ‹ልጁ አላየኝም› ብለው ይከራከሩልኛል። ወላሂ፣ አይቻቸው እንደነበር ዛሬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።»

«ወራጅ አለ» ልል የከፈትኩትን አፍ ወሬያቸውን ላለማቋረጥ ዘግቼ መውረጃዬን አለፍኩት።